የጋሽ መገርሳ ማንቆርቆሪያ

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ቤቴ እየሄድኩ ስልኬ ጮኸ፤ የጋሽ መገርሳ ታናሽ ወንድም ቶሎሳ ነበር። «የሺ፣ መገርሳ ዐረፈ» አለኝ። የቱ መገርሳ ብዬ ጠየቅኩት። በሕይወቴ የማውቀው መገርሳ አንድ ብቻ ነው፤ አፌ ግን ሌላ መገርሳ እየፈለገ ነበር።

ሶደሬ ሄዶ፣ ፍል ውሃው ገብቶ፣ ደህና ወጥቶ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከሰው ጋር እየሳቀ ሳለ ወደቀ አሉ። በቃ። ሰው እንዲህ ይሞታል እንዴ? በዚያው ሰሞን ደውሎ «አንቺ ነገረኛ፣ ሽንኩርት ልላክልሽ ወይስ አሁንም ማልቀስ ትፈሪያለሽ?» ብሎ የሳቀብኝ ሰው? ክው አልኩ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ባለባጃጁ ሰፈሬን አልፎ ወስዶኝ «እትዬ፣ የት ልውሰድዎት?» እስኪለኝ አላወቅኩም።

ጋሽ መገርሳን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እዚሁ አዳማ፣ በአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አብረን ሠርተናል፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ሥራችንን እኛ በየቤታችን «ጎተራ» እያልን ነው የምናስረዳው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች የጻፉትን ሁሉ የሚያስቀምጡበት ሶፍትዌር ነው፤ ማን ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፣ የዛሬው ሲበላሽ የትናንቱን ያወጣል። ዓለም በነፃ የሚጠቀምበትን ወስደን፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እንዲሠራ አድርገን፣ ለሆስፒታሎችና ለአበባ እርሻዎች እንጠብቅላቸው ነበር። ጎተራው ላይ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ ፈጥኖ መድፈን የኛ ፋንታ ነው። አንድ ቀዳዳ ካመለጠን የደንበኞቻችን ሥራ ሁሉ በዚያ ይፈሳል።

እሱ ወደኛ የመጣው ቢሾፍቱ የአውሮፕላን ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ፣ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ ኮምፒውተር ተምሮ ነው። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ባርኔጣና የሱሪ ማንጠልጠያ የማይለየው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሰው ሲያወራ ያቋርጣል፤ የሰው ምሳ ዕቃ ከፍቶ ቀምሶ «ጨው አልገባውም» ይላል። አንቱ ያለውን ይቆጣል፤ «አንድ ነኝ፣ አታብዙኝ» ይል ነበር። ስለዚህ ዛሬም ሞቶ እንኳ አንቱ ልለው ፈራሁ።

ለቅጥር ፈተና የመጣ ቀን የሠራውን ጉድ የዚያ ቢሮ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የድርጅታችን ባለቤት አቶ ሳምሶን፣ ሁልጊዜ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ በሰው ፊት መዋረድን ከሞት አስበልጦ የሚፈራ ሰው ነው። ጋሽ መገርሳ የፈተናውን መልስ ጎተራው ውስጥ አስገብቶ «ወደ ኮምፒውተርህ አውርድና እየው» አለው። አቶ ሳምሶን አወረደው። ገና ሳይከፍተው ከክፍሉ ማዶ ያለው ማተሚያ ተነስቶ ይንጫጫ ጀመር። ወረቀቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ሳምሶን እንደምን አደርክ፣ በርህ ክፍት ነው» ይላል።

 የሒሳብ ሠራተኛዋ አማተበች። አቶ ሳምሶን ፊቱ አመድ መሰለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ተንኮለኛ ጎተራው ውስጥ ባስገባው ሥራ መሀል ትእዛዝ መደበቅ ይችላል፤ ያንን ሥራ ያወረደ ሰው ኮምፒውተሩ ሳይጠይቀው ትእዛዙን ይፈጽማል። የሶፍትዌሩ ባለቤቶች መድፈኛውን ካወጡ ቆይተዋል። እኛ ግን ዛሬ ነገ እያልን ሳናስገባው ከርመናል። ጋሽ መገርሳ ባርኔጣውን አውልቆ «መቼ ልጀምር?» ብሎ ጠየቀ።

ጀመረም። የመጀመሪያ ሥራው «ቅምሻ» ነበር። ይህን ስም ያመጣው ከቤቱ ነው። እናቱ እዚሁ አዳማ ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ እሱ ያደገው ብርሌ እያጠበ ነው። እንደምታውቁት ጠጅ የሚቀዳ ሰው እንግዳው እያየ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም፣ ቢኖርበት እኔ ልቅደም ማለት ነው። ጋሽ መገርሳ በዕድሜው ሙሉ ከዚያ ከመዳፍ በላይ ጠጅ ጠጥቶ አያውቅም። ሕጉ ግን አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። «ያልቀመስከውን አትቅዳ» ይላል፤ ጠዋት ሲገባ ይላል፣ ማታ ሲወጣ ይላል፣ እኛም በስተመጨረሻ በእንቅልፋችን ሳንለው አልቀረንም።

ቅምሻ ማለት ራሱን በራሱ የሚሠራ ፈተና ነው። ከመካከላችን አንዱ ጎተራው ላይ የሆነ ነገር በለወጠ ቁጥር ማሽኑ ተነስቶ ሌባ መስሎ እያንዳንዱን በር ይገፋል። ሁሉም በር ከተዘጋ ግድግዳው ላይ በሰቀልነው ስክሪን አረንጓዴ ይበራል፤ አንድ እንኳ ከተከፈተ ቀይ ነው። ቀይ እያለ ለደንበኛ የሚሄድ ነገር የለም። ፕሬዚዳንት ቢያዝም አይሄድም።

ከዚያ ያንን ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። ሰማያዊ፣ አፉ ላይ ቀለሙ የተላጠ፣ የእናቱ ጠጅ ቤት የእጅ ማስታጠቢያ ነው። ደንቡን ቆሞ አወጀ፤ ቅምሻውን ያስቀላ ሰው እስከ ምሳ ካላስተካከለው በምሳ ሰዓት ቤቱን ሁሉ ያስታጥባል። ከአቶ ሳምሶን እስከ ጥበቃው። ቧንቧ እያለ ምን ጣጣ ነው ያልነው አልቀረም። «ቧንቧ አያሳፍርም» አለን። ሌላም ደንብ ነበረው፤ አስታጣቢው በራሱ ፈቃድ አያቆምም፤ የሚታጠበው «ይበቃኛል» ሲል ብቻ ነው የሚያቆመው።

እኛ መሳቂያ ይሆናል ብለን ነበር። መጀመሪያ ቅምሻውን ያስቀላው ግን ማን ሆነ? ራሱ። ምሳ ሲደርስ ያ የሚያክል ሰው፣ አባታችን የሚሆን፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ።  በኛ አገር ታናሽ ታላቁን ያስታጥባል እንጂ ታላቅ ታናሹን ሲያስታጥብ ማን አይቷል? ከሁላችን ታናሽ የነበረችው ሰላማዊት ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በዓመቱ የተቀጠረች፣ ጎበዝ፣ አንገቷን የማታቀና ልጅ። ጋሽ መገርሳ ፊቷ ሲቆም እጇን ደረቷ ላይ ሰብስባ «ጋሼ ነውር ነው፣ በማርያም» አለች። እንባዋ መጣ። እሱም ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ።

«ልጄ፣ ጥፋቴን እንዳጥብ እጅሽን አበድሪኝ» አላት።

ዘረጋች። ጠብታው ገና ሲነካት «ይበቃኛል፣ ይበቃኛል» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያ ቢሮ ሌላ ቢሮ ሆነ። ማንም ጥፋቱን አይደብቅም፤ አንዴ ውሃ አውርደህ ትገላገላለህ። እኔ ራሴ ስንቴ አስታጥቤያለሁ። አቶ ሳምሶን ብቻ አስታጥቦ አያውቅም፤ እሱ ኮድ ላይ እጁን አያሳርፍም ነበር፣ ወይም እኛ እንደዚያ ነበር የምናውቀው።

ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ጎተራው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተገኘ ተብሎ በዓለም ሁሉ ተነገረ፤ በማውረድ ጊዜ ትእዛዝ የሚያስገባው የድሮው ቀዳዳ ዘመድ ነው። ጋሽ መገርሳ መድፈኛውን ለኛ ጎተራ አስተካክሎ አስገባው። ቀይ በራ። የፊት በሩን ዘግቶታል፤ በአቋራጭ የሚገባው ግን አሁንም ይገባል። ጥርሱን ነክሶ ተመልሶ ተቀመጠ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የዚያን ቀን ምሳ እንግዶች ነበሩብን። ትልቁ ደንበኛችን፣ አንድ የግል ሆስፒታል ነው፤ ኃላፊዎቹ ውል ሊያድሱ መጥተው ከኛ ጋር ሊበሉ ነው። አቶ ሳምሶን ጠዋቱን ሁሉ ስክሪኑን እያየ ሲንቆራጠጥ አይቼዋለሁ። ጋሽ መገርሳ ግን አንዴ ካቀረቀረ ሰው አያይም። ከምሳ በፊት አንድ ነገር ለወጠና ደግሞ አስቀመሰው። አረንጓዴ! «ጋሪዳ!» ብሎ ጮኸ፤ ደስ ሲለው እንደዚያ ነበር የሚለው። መድፈኛውን ለደንበኞች ሁሉ ለቀቀው። ምሳ ተበላ፣ ውል ተፈረመ፣ ለበዓል ተበተንን።

ከበዓል ስንመለስ ጉድ ፈልቶ ጠበቀን። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኮምፒውተሮች በሙሉ ተቆልፈዋል። ሌባው የገባው በዚያው በአቋራጩ ነው፤ ተደፈነ ባልነው። ለምርመራ ደም የሰጡ በሽተኞች ውጤት አጥተው ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል፤ አንዲት እናት «ልጄን» እያለች ስትጮህ በስልክ ተሰማኝ፤ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ጎተራው የትናንቱን ስለሚያወጣ ከብዙ ልፋት በኋላ ሥራው ተመለሰ። ሆስፒታሉ ግን ከኛ ሄደ።

ቅምሻው እንዴት አሳለፈው? ጋሽ መገርሳ መዝገቡን ከፈተ። አቋራጩን በር የሚገፋው ፈተና በዚያን ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ጠፍቷል። አረንጓዴው የበራው በሩ ስለተዘጋ አልነበረም፤ የሚገፋው ስለሌለ ነው። ፈተናውን ያጠፋው ሰው ስም ደግሞ ጎልቶ ተጽፏል። ሰላማዊት።

እኔ ባለጌ ሆኜ አይደለም፣ ማንም ቢሆን የሚያስበውን ነው ያሰብኩት። ይህቺ ልጅ ሽማግሌ ሲያስታጥባት ያለቀሰች ናት። እንግዳ ፊት እንዳይዋረድ ብላ አጠፋችው አልን። የኛ ሰው ለታላቁ ክብር ብሎ ቤት ያቃጥላል፤ ይሉኝታ ይሉታል። እሷ ግን አላጠፋሁም አለች። የማርያምን ስም ጠራች፣ የአባቷን ሞት ጠራች፤ በዚያ ሰዓት ሻይ ልትጠጣ ወጥታ እንደነበር፣ ኮምፒውተሯን ሳትዘጋ እንደሄደች ተናገረች። ማን ይስማት? አቶ ሳምሶን አንገቱን ደፍቶ «መዝገቡ ተናግሯል» አለ፤ ድምፁ በቅጡ አይሰማም ነበር።

ያመናት ጋሽ መገርሳ ብቻ ነው። «መዝገቡ ስሟን ያውቃል፤ እጁን አያውቅም» አለ። ሌላ ነገር እንዲል ስንጠብቅ ተነስቶ ማንቆርቆሪያውን ሞላ። «መድፈኛውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ምን እንደተቀመሰ ሳላይ አረንጓዴ አምኜ ቀዳሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ሁላችንንም አስታጠበን። ሁላችንም ቶሎ ቶሎ ይበቃኛል እንላለን። አቶ ሳምሶን ዘንድ ሲደርስ አቶ ሳምሶን እጁን ኪሱ ከተተ። ሆዴን አሞኛል፣ ምሳ አልበላም አለ። ጋሽ መገርሳ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለ ፊቱ ቆመ። ውሃው ሳፋው ውስጥ እየወረደ፣ ሁለቱ እየተያዩ፣ እኔ አቶ ሳምሶን ሽማግሌ እንዳያስታጥበው አክብሮ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን በፌስታል ጠቅልሎ ሄደ። ሥራውን ለቀቀ። ዓለም ጤና የምትባል ከተማ ገብቶ ከወንድሙ ጋር ሽንኩርት ማልማት ጀመረ። እሱ ከለቀቀ ሰላማዊት ትተርፋለች ብሎ ይሆናል፤ ግን አልተረፈችም። አቶ ሳምሶን አላባረራትም፤ ሰው ግን አባረራት። ትንሽ ከተማ ናት ይቺ፣ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ሌላ ቦታ ሥራ ስትጠይቅ «አንቺ ነሽ ፈተናውን ያጠፋሽው?» ይሏታል። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩን ትታ አክስቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ጀመር።

አንድ ቀን ዓለም ጤና ሄጄ ጠየቅኩት። ቦት ጫማ አድርጎ፣ ባርኔጣው ግን ያው፣ ከማሳው መሀል «አከም ጅርታ፣ ነገረኛ!» ብሎ ተቀበለኝ። የውሃ መሳቢያውን በኮምፒውተር እንዲነሳ አድርጎታል፤ እሱንም ያስቀምሰዋል፣ ውሃው ማሳ ከመድረሱ በፊት። ገና ሳልቀመጥ የጠየቀኝ ስለ ሰላማዊት ነው። ጨርቅ ትሸጣለች ስለው ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያንን ሰውዬ እንደዚያ ተሰብሮ አይቼው አላውቅም። ያጠፋውን ሰው ታውቀዋለህ ወይ አልኩት። 

«እኔ ብናገር ሐሜት ነው» አለኝ። «ስሟን የሚመልስላት ያጠፋው ሰው አፍ ብቻ ነው። እጠብቃለሁ።»

ይኸው፣ እየጠበቀ ሞተ።

ቀብሩ ዓለም ጤና ነበር። የቢሮው ሰው ሁሉ መጥቷል፣ የለቀቀውም ያለውም። ሰላማዊት ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ከኔ አጠገብ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች፤ ሰው እያየን ይንሾካሾካል፣ እሷ መሬት መሬት ታያለች። የሆስፒታሉ ኃላፊ እንኳ መጥቷል፤ ከጋሽ መገርሳ ጋር ተቀያይመው አልቀሩም ነበር። አቶ ሳምሶን ከፊታችን ነው፤ ከስቷል፣ ሸሚዙም አልተተኮሰም።

ከቀብር መልስ እህል ቀረበ። የቶሎሳ ሚስት ልታስታጥብ ከወንዶቹ ጀመረች። የያዘችውን አየሁት፤ ሰማያዊ፣ አፉ የተላጠ፣ ያው ማንቆርቆሪያ ነው። ሴትዮዋ ምንም አታውቅም፤ የቤቱ ዕቃ ነው ብላ ነው ያነሳችው። አቶ ሳምሶን ፊት ቆማ አዘነበለችው። እሱ እጁን ሊዘረጋ ሲል ማንቆርቆሪያውን አየው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ተነሳ። ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ከእጇ ተቀበላት። ተዉ እንጂ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት ብላ ታገለችው፤ አልሰማትም። አንዱን አስታጠበ፣ ሁለተኛውን አስታጠበ። የቢሮው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ደንቡን የማያውቅ ማን አለ? እኔ መጀመሪያ ለሟቹ ክብር ነው አልኩ። ሰውን ሁሉ ዘሎ ወደ ሰላማዊት ሲመጣ ግን ያ ኪስ ውስጥ የገባ እጅ ትዝ አለኝ። አምላኬ! አፌን ያዝኩ። 

ፊቷ ተንበረከከ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔና እሷ ብቻ በምንሰማው፣ «ሰላማዊት፣ በአንቺ ኮምፒውተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላት። «ሽማግሌ ሰው በእንግዳ ፊት ልጆች ሲያስታጥብ እንዳይታይብኝ ብዬ ነው፣ ከምሳ በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ ረሳሁት» አለ። ረሳሁት! ለአንዲት ምሳ ዕፍረት ብሎ የልጅቷን ስም ቀበረው።

ሰላማዊት እጇን አልዘረጋችም። እዚያ ቢሮ ውስጥ አንገቷን ቀና አድርጋ አይቻት አላውቅም፤ ያን ዕለት ቀና አለች።

«የኔ ስም በሹክሹክታ አልጠፋም» አለችው። «ቆመው ይናገሩት።»

አንድ አፍታ እምቢ የሚል መሰለኝ። ቆመ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ እየሰማ፣ ፈተናውን ያጠፋው እሱ እንደሆነ፣ ሰላማዊት ንጹሕ እንደሆነች፣ ጋሽ መገርሳ ይህን ሁሉ ችሎለት እንደሞተ ተናገረ።  ቶሎሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው፤ ባጃጅ ውስጥ አልመጣም ያለኝ እንባ።

አቶ ሳምሶን ተመልሶ ተንበረከከ። ሰላማዊት ነጠላዋን ወደ ክንዷ ሰብስባ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። አፈሰሰ። ውሃው ቀሚሷ ላይም ይረጫል። ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ «ይበቃል በይው እንጂ ልጄ» አሏት። ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን ድረስ ይበቃኛል አላለችም።